ባለ ዳክዬው ሹራብ

«ሹራቡን የሠራችልኝማ አከራያችን ናት» አለ ሌስተር በስልክ። «አንድ ዓይኗ የማያይ አሮጊት። ዳክዬዎቹ እንደዚያ የተንጋደዱት ለዚህ እኮ ነው!» ከዚያም ሳል እስኪይዘው ድረስ ሳቀ።

ሚስቱ ሎሬታ ይህን የሰማችው ምድር ቤት ሆና፣ የእሱኑ ካልሲዎች ከማድረቂያው እያወጣች ነበር። የስታንቺኮች ቤት አሮጌ ነው፤ ከወጥ ቤቱ ወለል ወደ ታች የሚወርደው የማሞቂያ ቱቦ ሙቀቱን ቢያባክንም ወሬ አያባክንም። አንድ ካልሲ በእጇ እንደያዘች ቆመች። የዚያን ዘመን አከራያቸውን በደንብ ታስታውሳለች። አሮጊት አልነበረም፤ ሴትም አልነበረም። ፍራንክ የሚባል ሁለት ዓይኑ የተሟላ ወፍራም የቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ መርፌ ቢሰጡት ጥርሱን ይጎረጉርበት ይሆናል እንጂ ሌላ ነገር አይሠራበትም። ሹራቡን የሠራችው ራሷ ሎሬታ ናት። በተጋቡ ዓመት፣ በረዶው ገና ሳይቀልጥ፣ ሌስተር ለቤዝቦል ልምምድ ፍሎሪዳ ወርዶ እሷ ብቻዋን በቀረችባቸው ሳምንታት፣ ሊዘጋ ከተቃረበ ሱቅ በግማሽ ዋጋ የገዛችውን ቢጫ ክር ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት ጤነኛ ዓይኖቿ ነው የሠራችው።

የአከራይቱ ነገር ውሸት ነው፤ ውሸት ደግሞ በትዳር ውስጥ አዲስ አይደለም። ይበልጥ የቆረቆራት ሌላው ነው። ዳክዬ! በዚያ ሹራብ ላይ አንድም ዳክዬ የለም። ጓንቶች ናቸው። ኳስ ወርዋሪ እጁ ላይ የሚያጠልቀው ሰፊው የቆዳ ጓንት፤ ቡናማ፣ አውራ ጣቱ ወደ ጎን የወጣ፣ ደረትና ሆዱን ዞሮ አንዱ ሌላውን ተከትሎ የተሰለፈ። ያኔ የቤት ኪራያቸውን የሚከፍለው ጓንት ስለነበር ባሏን ጓንት ልታለብሰው ፈለገች። ይህን ለማንም አስረድታ አታውቅም። ማስረዳት የሚያስፈልገው ነገርም አልመሰላትም።

ካርዱ ባይኖር ኖሮ ነገሩ ከሹራቡ ጋር በብል ተበልቶ ያልቅ ነበር። ሌስተር ከታችኛው ቡድን ወደ ትልቁ የተጠራው በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ነው፤ በደረሰበት ጠዋት፣ ሰብሳቢዎች ለሚገዙት የቤዝቦል ካርድ ተጫዋቾችን የሚያነሳው ፎቶ አንሺ ሜዳ ላይ ነበር። የሌስተር ማሊያ ላይ ገና ቁጥር ይሰፋል፤ ፎቶ አንሺው አውሮፕላን ሊያመልጠው ነው፤ ብርዱ ደግሞ አጥንት ሰብሮ ይገባል። ከላይ የቡድኑን ኮፍያ ደፉበት፣ ከታች ሱሪውን አስታጠቁትና በሹራቡ እንዳለ «ሳቅ!» አሉት። በካርድ ፋብሪካው ውስጥ ቡድን የቀየሩ ተጫዋቾችን ኮፍያ በቀለም የሚያስተካክል ሠራተኛ ነበር። እሱም ሌላ ፎቶ ሲያጣ ሹራቡን ማሊያ ለማስመሰል ተነሳ፤ ሰማያዊ ኮሌታ ሳለበት፣ ከፊት ለፊቱም ነጫጭ ቁልፎች ደረደረበት። በወጣው ካርድ ላይ ሌስተር ከቃጠሎ በመስኮት እንዳወጡት ሰው ግራ ገብቶት ይስቃል፤ ቢጫ ሹራቡ ከአንገት እስከ እምብርት ተቆልፏል፤ ከቁልፎቹ ሥር ቡናማ ነገሮች ተሰልፈው ወደ ግራ ይጓዛሉ። በጋው ሳያልቅ ትከሻው ተጎዳ። ወደ ከተማቸው ወደ ቶሌዶ ተመለሰ፣ ጡረታ እስኪወጣም የመታጠቢያ ቤት ሸክላ ሸጠ። ካርዱ በክፈፍ ሆኖ ኮሪደሩ ላይ፣ ከማሞቂያው መቆጣጠሪያ አጠገብ ተሰቀለ። እንግዳ ሲመጣ ሌስተር «ይሄ እኔ ነኝ» ይላል። ሎሬታ ደግሞ በልቧ፣ ይቺ የእኔ ሹራብ ናት፣ ትላለች።

ቅርጫቱን ይዛ ደረጃውን ወጣች።

«ማን ነበር?»

«ኖርም ነው፣ የካርድ ሰብሳቢዎቹ ማኅበር ሰው። ስለ ዛሬው ዝግጅት።»

«ምን አለ?»

«ምን ይላል፣ ስንት ሰዓት ትደርሳለህ ነው።»

«እኔም እመጣለሁ።»

ሌስተር የቡናውን ኩባያ አፉ ሳያደርስ መልሶ አስቀመጠው። «ሎሬታዬ፣ ይሰለችሻል እኮ። ሽማግሌዎች ካርድ ይዘው ሲነታረኩ ነው የሚውሉት። ወንበሩ ራሱ ብረት ነው።»

«ትራስ እይዛለሁ።»

«የሚበላውም ሆት ዶግ ብቻ ነው።»

«ሆት ዶግ እወዳለሁ።»

ሆት ዶግ እንደማትወድ ሁለቱም ያውቃሉ። ሌስተር ሌላ ሰበብ ፍለጋ ጣሪያውን አየ፤ ጣሪያው ምንም አላቀበለውም። ሎሬታ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ፣ ከሳሎኑ ሶፋ ትልቁን ትራስ አንስታ፣ ቀድማ መኪናው ውስጥ ተቀመጠች። መንገድ ላይ ሌስተር «ቤንዚን ጨመረ» አለ። እሷም «ጨመረ» አለች። ከዚያ በኋላ እስከ ሆቴሉ ድረስ የተናገረ የአቅጣጫ ጠቋሚው መብራት ብቻ ነው፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ሎሬታ ልትጣላ አልፈለገችም። የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር። ውሸቱን በሰው ፊት እንደተናገረው፣ እውነቱንም በሰው ፊት፣ በገዛ አፉ እንዲናገረው።

የሆቴሉ አዳራሽ ከአውራ ጎዳናው ዳር ነው፤ በሌላው ቅዳሜ ሠርግ የሚደረግበት ስለሆነ በየአምዱ ላይ የወረቀት አበባ ገና አልተነሳም። መግቢያው ስምንት ዶላር፣ ሆት ዶጉ ስድስት፣ ከሰናፍጭ ጋርም ያው ስድስት። በዘንድሮው ዝግጅት ላይ ማኅበሩ የመረጠው ርዕስ «በካርድ ላይ የታዩ ጉድ አለባበሶች» የሚል ነበርና ሰዉ ሁሉ ከሚወደው ካርድ ላይ እንደወረደ ሆኖ ለብሶ መጥቷል። አንድ ቦርጫም የጥርስ ሐኪም ቡድኑ በአንድ ወቅት የሞከረውን ቁምጣ ታጥቆ፣ ካልሲውን እስከ ጉልበቱ ስቦ፣ ቅዝቃዜውን እየረገመ ይንጎራደዳል። ሌላው በመታጠቢያ ቤት ካፖርት ነው፤ አንድ ወርዋሪ እንዲያ ሆኖ ፎቶ ተነስቶ ነበርና። አንድ ወጣት በእውነተኛው ኮፍያው ላይ ራሱ ቀለም ቀብቶ በፋብሪካ የተሳለ አስመስሎታል፤ ቀለሙ ስላልደረቀ ግንባሩ አረንጓዴ ሆኗል። በአንድ ካርድ ላይ ደግሞ በስህተት ጀርባው ብቻ የወጣ ተጫዋች አለ። እሱን ሆኖ የመጣው ሰውዬ ከጠዋት ጀምሮ ፊቱን ለማንም አላሳየም፤ ሆት ዶግ ሰልፍ ላይ እንኳን ወደ ኋላ እየተራመደ ነው የደረሰው፤ ገንዘቡንም በትከሻው ላይ አሻግሮ ነው የከፈለው።

ኖርም የተባለው የማኅበሩ ሊቀ መንበር እየሮጠ መጣ። «ሌስ! የዳክዬዎቹ ጌታ! እኚህስ ባለቤትህ ናቸው? እመቤቴ፣ እንኳን ደህና መጡ። መቼም እኚህን ሰውዬ ከነዳክዬዎቻቸው መቻል ቀላል አይደለም፣ አይደል?»

«ለምጄዋለሁ» አለች ሎሬታ፣ ትራሷን እቅፍ አድርጋ።

ከሌስተር ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጣ አየች። ሰልፉ እስከ በሩ ይደርሳል። ትልልቅ ስም ያላቸው፣ ጣታቸው ላይ የዋንጫ ቀለበት ያደረጉ ጡረተኞች ከጎን ጠረጴዛቸው ላይ እስክሪብቶ እያሽከረከሩ ሲያዛጉ፣ ለጥቂት ወራት ብቻ የተጫወተው ባሏ ላብ እስኪያጠምቀው ይፈርማል። ከስሙ አጠገብም በሁለት መስመር፣ እስክሪብቶውን ሳያነሳ፣ ዳክዬ ይስላል። ሎሬታ አፏን ከፍታ ቀረች። ይህ ሰው የቤታቸውን አቅጣጫ ለእንግዳ በወረቀት ንደፍ ቢባል እጄ አይታዘዝም የሚል ነው። ዳክዬው ግን የለመደ እጅ ዳክዬ ነበር። ምንቃሩ ቀጥ ያለ፣ ጭራው ቀና ያለ።

አንዲት ጠና ያለች ሴት ካርዱን በሁለት እጇ ይዛ ቀረበች። «አባቴ ከመሞቱ በፊት ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ከራስጌው አስቀምጦት ነበር» አለች። «ነርሶቹ መርፌ ሲወጉት ዳክዬዎቹን እያየ ይስቅ ነበር። የሠራችውን ሴት ባገኛት እጇን እስም ነበር።» ሌስተር ወደ ኋላ ዞር ሊል ፈልጎ አንገቱ መንገድ ላይ ቀረ። «አሮጊቷ አርፋለች» አለ ቀስ ብሎ። ሎሬታ ይህን በሰማች ጊዜ ተነስታ ሄደች። መሞቷን ከዚያ በላይ ቁጭ ብላ መስማት አልቻለችም።

ከውሃ ማቀዝቀዣው አጠገብ ሹራቧን አገኘችው። አንዲት ወጣት ለብሳዋለች። ቢጫ ነው፣ ኮሌታ ተጣብቆበታል፣ ነጫጭ ቁልፎች በሙጫ ተለጥፈውበታል፣ ቡናማዎቹም ተሰልፈዋል፤ እጅጌው ግን ከክርን በታች መተርተር ጀምሯል። ልጅቱ ክሩን ጣቷ ላይ እየጠመጠመች ልታለቅስ ደርሳለች።

«አትጎትቺው!» አለች ሎሬታ ሳታስበው። «ነይ ወዲህ። እጅሽን ስጪኝ።»

ዴላኒ ትባላለች፤ የከተማ አውቶቡስ ትነዳለች። ሹራቡን በየተራዋ መሃል፣ መነሻ ጣቢያ ላይ ሆና ነው የሠራችው፤ ከካርዱ ላይ እያየች። ሎሬታ ከቦርሳዋ ኪሮሿን አወጣች፤ ያለ ኪሮሽ ከቤት አትወጣም። የሾለኩትን ቋጠሮዎች አንድ በአንድ እየመለሰች ሳለ እጇ በድንገት ቆመ።

«አውራ ጣቱን በተሳሳተ በኩል አድርገሽዋል።»

«የምን አውራ ጣት፣ እማማ?»

ሎሬታ መስፋቷን ቀጠለች። ልጅቱ ግን ሾፌር ናት፤ በመስታወት የሰው ፊት ማንበብ ለምዳለች። ካርዱን ከኪሷ አወጣች፣ ሎሬታን አየች፣ ኪሮሹን አየች። «አምላኬ!» አለች። «እርስዎ ነዎት። አልሞቱም እንዴ?»

«እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ በሕይወት ነበርኩ» አለች ሎሬታ፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ። «ለማንም እንዳትናገሪ። መናገር ያለበት ሌላ ሰው ነው።»

ከምሳ በኋላ ሌስተር መድረክ ላይ ወጣ። ኖርም ማይክሮፎኑን አቀበለውና ከፍ ባለ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ሎሬታ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ከትራሷ በላይ ሆና፣ ከሰው ሁሉ በግማሽ ራስ ከፍ ብላ ትታያለች።

«እስቲ የአሮጊቷን ታሪክ!» አለ ኖርም።

«ይቅር ባክህ፣ ሰምታችሁታል።»

«አከራይህ ነበረች፤ አንድ ዓይኗ—»

«የማያይ!» ብሎ አዳራሹ በአንድ ድምፅ ጨረሰለት።

«ሹራቡን የሠራችው—»

«በጨለማ!»

«ለምን?»

«መብራት ለመቆጠብ!»

ቁምጣ የለበሰው ሐኪም ጠረጴዛ ደበደበ። ሎሬታ ይህን የመብራቱን ክፍል አዲስ ሰማችው። ለካ ሰዉ በቃሉ ይዞታል፤ ሌስተር ዝም ቢልም ታሪኩ ራሱን ችሎ ይናገራል። ባሏን አየችው። እሱ ከጫማው በቀር ወደየትም አያይም። ኖርም «ጥያቄ ያላችሁ?» ሲል ሎሬታ እጇን አነሳች፤ እንደ ማንኛውም ሰው ተራዋን ጠብቃ ማይክሮፎኑን ተቀበለች።

«ሚስተር ስታንቺክ» አለች፣ «በመጀመሪያ እንኳን ደህና መጡ። እኔም የዚሁ የቶሌዶ ነዋሪ ነኝ፤ ከእርስዎ ሰፈር ብዙም አልርቅም።»

ሌስተር ቀና አለ። ፊቱ ካርዱ ላይ ያለውን ፊት ሆነ።

«ጥያቄዬ ስለ አከራይዎ ነው። ስማቸው ማን ነበር?»

«ፍራንክ» አለ ሌስተር። አመለጠው።

አዳራሹ ሳቀ። «አሮጊቷ ፍራንክ ይባላሉ?» አለች ሎሬታ።

«ሎሬታ፣ እባክሽ» አለ፣ ማይክሮፎኑ እንዳልተዘጋ ረስቶ።

«እባክዎ እርስዎ። የሚጠይቁ ሌሎች ሰዎች እየጠበቁ ነው፤ ያሳጥሩልኝ።»

ሳቁ ቀስ በቀስ ረገበ። ሰዉ አንዴ መድረኩን፣ አንዴ ትራሱን ያይ ጀመር። ጀርባውን ብቻ ያሳይ የነበረው ሰውዬ ሳይቀር ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አዞረ፤ ጢም ነበረው። ሌስተር ከወንበሩ ወረደ። ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

«አከራይ አልነበረችም» አለ። «ሚስቴ ናት። ያቺው፣ ትራሱ ላይ ያለችው። ያን ቀን ሹራቡን ለብሼ መልበሻ ክፍል ስገባ ሁሉም ሳቀ። ሚስቴ ሠራችው ብል በእሷ ይስቁባታል ብዬ... አፌ ላይ የመጣልኝን አሮጊት ፈጠርኩ። ከዚያ በኋላ አሮጊቷ አልለቀቀችኝም።»

«በእኔ እንዳይስቁ ነው ወይስ በእርስዎ?»

«በእኔ» አለ። «በአብዛኛው በእኔ።»

ሎሬታ ማይክሮፎኑን ይዛ ቆማ ቀረች። የመጣችበትን አግኝታለች፤ ነገር ግን ሲገኝ ምን እንደምታደርገው አላሰበችበትም ነበር። ያቺ አባቷ የሞተባት ሴት መጀመሪያ ተነሳች፤ ከዚያ ዴላኒ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ቆሞ አጨበጨበ። ኖርም ደስታው ሊያፈነዳው ደርሶ «ወይዛዝርትና ክቡራን፣ የዳክዬዎቹ እናት!» ብሎ ጮኸ።

«ዳክዬ አይደሉም» አለች ሎሬታ።

ጭብጨባው ተቆረጠ።

«ጓንቶች ናቸው። የወርዋሪ ጓንት። ይሄ መዳፉ፣ ይሄ አውራ ጣቱ፣ ይሄ ከታች ያለው ማሰሪያው።»

ለአፍታ የተሰማው ካርዶች ከኪስ፣ ከቦርሳ፣ ከፕላስቲክ ከረጢት ሲወጡ ብቻ ነው። ሰዉ ካርዱን ቀረብ አደረገ፣ ራቅ አደረገ፣ ዘቀዘቀ። መነጽር ተለዋወጠ። መጨረሻ ላይ ሃርላን የሚባል፣ በማኅበሩ ውስጥ ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጥ ሰው፣ የማጉያ መስታወቱን ጨብጦ ተነሳ።

«እመቤቴ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ዳክዬ ናቸው።»

«የሠራኋቸው እኮ እኔ ነኝ።»

«እሱን አልካድኩም። ግን ምንቃር አለ። እግርም አለ። እኛ በማኅበራችን ሦስት ስብሰባ ተቀምጠን ዝርያቸውን ሳይቀር ወስነናል። የዱር ዳክዬ ናቸው፤ ወንዶቹ።»

«ልክ ነው!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። «ጓንት ከሆኑማ ምኑ ያስቃል?» አለ ሌላው። ሎሬታ ጉንጮቿ ጋሉ። የአሮጊቷን ውሸት ብቻዋን ገጥማ ጥላዋለች፤ ይህን ሁሉ ሕዝብ ግን አትችልም። ልትቀመጥ ትራሱን በእጇ ፈለገች።

«ሃርላን!» አለ ሌስተር። ማይክሮፎን አላስፈለገውም። «ቁጭ በል።»

«ሌስ፣ አንተ ራስህ እኮ ዛሬ ጠዋት ዳክዬ ስለህልኛል።»

«ስያለሁ! ተሳስቼ ነው የሳልኩት! ሚስቴ ጓንት ናቸው ካለች ጓንት ናቸው። ሹራቡን የለበስኩት እኔ ነኝ እንጂ አንተ አይደለህም። ደረቴ ላይ የነበረውን አውቃለሁ። ወፍ አልነበረም! ከአሁን በኋላ ዳክዬ የሚል ሰው ፊርማዬን አያገኝም፤ ያገኘም ይመልስልኝ!»

አንገቱ ላይ ያሉት ሥሮች ተገትረዋል። በዚያች አጭር የጨዋታ ዘመኑ እንኳን ዳኛ ላይ እንዲህ ጮኾ አያውቅም። ሃርላን መስታወቱን አጥፎ ተቀመጠ፤ እየተቀመጠም «እሺ፣ ክንፍ ያለው ጓንት ይሁን» አለ፤ አዳራሹም በሳቅ ፈረሰ። በዚህ ሳቅ ሎሬታም ሳቀች።

ዴላኒ የአለባበሱን ውድድር አሸነፈች። ከዚያ በኋላ ሰልፉ እንደገና ተሠራ፤ አሁን ግን ሰዉ ሁለት ፊርማ ይፈልጋል። ያቺ ሴት እንደተናገረችው የሎሬታን እጅ ሳመች። ሌስተር ከስሙ አጠገብ ጓንት ለመሳል ቢታገልም የለመደ እጁ በየመሃሉ ጭራ ያወጣበታል፤ ጭራውንም እየሰረዘ፣ ሎሬታ እንዳታይ በመዳፉ እየከለለ ያቀብላል። እሷ አይታለች። ወረቀቱን እየተቀበለች በጥንቃቄ ስሟን ጻፈች፤ ሎሬታ ስታንቺክ፣ ሹራብ ሠሪ።

ወደ መኪናቸው ሲመለሱ ፀሐይዋ ገና በመስታወቶቹ ላይ ትንጸባረቃለች። ሌስተር ትራሱን ተሸክሟል። መኪናው ውስጥ ገብተው ቁልፉን ሰካ፤ ግን አላስነሳውም። ከደረት ኪሱ አንዱን ካርድ አወጣ።

«ሎሬታዬ» አለ። «አትቆጪኝ። የትኛው ነው አውራ ጣቱ?»

ካርዱን ተቀበለችው። መነጽሯ ቦርሳዋ ውስጥ ነበርና ክንዷን ዘርግታ አራቀችው። ኮሪደሩ ላይ ሲያልፉ ሲያገድሙ ማየት ሌላ ነው፤ እንዲህ ብርሃን ላይ ሆኖ፣ ሰው ጠይቆ ሲጠባበቅ ማየት ሌላ። ያ የፋብሪካ ሠራተኛ የሳለው ነጭ ቁልፍ መሃለኛው ጓንት ላይ፣ ዓይን ሊሆን በሚገባው ቦታ፣ ልክ ዓይን ሆኖ ተቀምጧል። ዓይኑም አያት። የተቀሩት ከፊትና ከኋላው፣ ጭራቸውን ቀና አድርገው፣ በባሏ ሆድ ላይ በሰላም ወደ ግራ ይዋኛሉ።

ሎሬታ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ይሄ ነው» አለች፣ ጣቷን ምንቃሩ ላይ አሳርፋ።

ሌስተር ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ አየ።

«አሁን ታየኝ» አለ።